ከአልጋ የመነሣት ታሪክ

ባለፈው ክረምት የአንዲት አባላችን እናት የሳንባ ምች ይዟቸው ሆስፒታል ገቡ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። እስከታመሙበት ሳምንት ድረስ ኪዳን የማያስታጉሉ፣ የጓሯቸውን ጎመን ራሳቸው የሚኮተኩቱ፣ የማኅበራችን ስብሰባ በእነሱ ቤት ሲውል ቡናውን ማንም እንዲቆላባቸው የማይፈቅዱ እናት ነበሩ። ዘጠኝ ቀን ተኙ። ትኩሳቱ በረደ፣ ሳሉ ቀነሰ፣ ሐኪሙም "ተሽሏቸዋል፣ ወደ ቤት ውሰዷቸው" አለ። የወሰድናቸው ግን ሁለት ሰው ደግፎ፣ ደረጃው ላይ ደግሞ ተሸክመን ነው።

ቤት ሲገቡ ማኅበራችን የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። ተራ አወጣን፤ ቀን ሁለት፣ ሌሊት አንድ ሰው። አጥሚቱን በማንኪያ እናጠጣለን፣ እንጀራውን እናጎርሳለን፣ ፖፖውን አልጋቸው ድረስ እናቀርባለን። "እስቲ ቀና ልበል" ሲሉ "ኧረ እማማ፣ ይረፉ፣ ምን አስቸኮለዎት!" እያልን ትራሱን አስተካክለን እንመልሳቸዋለን። ጠያቂ ሲመጣም ሊነሡ ይሞክሩና ጠያቂው ራሱ "በሞቴ አይነሡ" ይላቸዋል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ሌሊት ማንንም ሳይቀሰቅሱ ወደ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ ተነሡና ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ከአልጋው ሥር ወድቀው አገኘናቸው። እግዚአብሔር ጠብቋቸው ስብራት አልነበረም።

ልጃቸው በማግሥቱ ያመጣችው ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ጭናቸውን ዳሰሰ፣ ተረከዛቸው ላይ የጀመረውን ቁስል አየ፣ ከዚያም ምን ያህል ጊዜ እንደተኙ ጠየቀን። ስንነግረው ጥቂት ዝም አለና "የሳንባ ምቹ ከሄደ ወር ሊሞላው ነው፤ አሁን ያለው ሕመም የአልጋው ነው" አለን። አልቅሰን ነበር ማለት ይቻላል። የተናደድንም ነበርን። ሌሊት ያደርን እኛ፣ እንቅልፍ ያጣን እኛ፣ አሁን ደግሞ ያሳመምናቸው እኛ?

ይህ ጽሑፍ የተወለደው ከዚያ ንዴት ነው። የታመመ አረጋዊ ይተኛ የሚለውን ማን አመጣው? ይነሣ የሚለውንስ ማን? ከመካከላችን ነርስ የሆነችው አባላችን የቆዩ የሕክምና ጽሑፎችን አፈላልጋ አመጣች፤ ሁለት ሆነን አነበብን፣ የተቀረነው እየጠየቅን አዳመጥን። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ውጭ አገር ታሪክ ከመሄዳችን በፊት ግን የራሳችን ቋንቋ አንድ ነገር ነገረን። በአማርኛ ክፉኛ የታመመ ሰው "አልጋ ያዘ" ይባላል። ሳይድን ከቆየ ደግሞ "የአልጋ ቁራኛ ሆነ" እንላለን። ቁራኛ ምን እንደነበር ወጣቶቹ አባሎቻችን አያውቁም ነበር። በድሮው ዳኝነት ከሳሽና ተከሳሽ እንዳይጠፋፉ በአንድ ሰንሰለት ወይም በነጠላቸው ጫፍ ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ እስኪደርሱ አብረው ይበሉ፣ አብረው ይተኙ፣ አብረው ይሄዱ ነበር። ያ ነው ቁራኛ። አባቶቻችን እናቶቻችን ይህን ቃል ለአልጋ ሲሰጡት አልጋን እንደ ማረፊያ ሳይሆን እንደ እስር እንዳዩት ግልጽ ነው። የታማሚን ወሬ ስንጠይቅም "ዳነች ወይ?" ብለን አናበቃም፤ "ተነሣች ወይ?" እንላለን። መዳንና መነሣት ሁለት ነገር መሆናቸውን ቃላችን ያውቃል። ሥራችን ግን ረስቶታል።

አልጋ መድኃኒት ነው የሚለው እምነት በተማረው ሕክምና ውስጥ የጸናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ጆን ሂልተን በ1860ዎቹ መጀመሪያ ስለ ዕረፍትና ስለ ሕመም ተከታታይ ትምህርት ሰጡ፤ በመጽሐፍ ታትሞም ለብዙ ትውልድ ሐኪሞች መማሪያ ሆነ። ነገሩ መነሻ አለው። የተሰበረ አጥንት ካልተንቀሳቀሰ ይጠግናል፣ ያበጠ መገጣጠሚያ ካረፈ ይበርዳል። ችግሩ ለአጥንት የሠራው ለሁሉም ይሠራል መባሉ ነው። ልቡን የታመመ ስድስት ሳምንት ይተኛ፣ የተቀደደ ሁለትና ሦስት ሳምንት ይተኛ፣ የወለደች ሁለት ሳምንት ትተኛ ተባለ።

ለእኛ ለሴቶች የተለየ ምዕራፍም ነበረው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ ሳይለስ ዊር ሚቸል የተባሉ እውቅ ሐኪም "የዕረፍት ሕክምና" የሚሉትን አወጡ። ድካም፣ ጭንቀት ወይም ሐዘን የበዛባት ሴት ለሳምንታት አልጋ ላይ ትውላለች፤ ወተት በብዛት ትጠጣለች፤ ማንበብ የለም፣ መጻፍ የለም፣ ወዳጅ መጠየቅ የለም። ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን የተባለች ወጣት እናት በ1887 ይህ ታዘዘላትና ልታብድ ደረሰች፤ በ1892 ያሳተመችው "ቢጫው የግድግዳ ወረቀት" የተሰኘው አጭር ልቦለድ የመጣው ከዚያ ነው። ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበሩም። እኛም አልነበርንም፤ ለዚህ ነው ታሪኩ ያስደነገጠን።

በተቃራኒው የተናገረ አልጠፋም። በ1899 የቺካጎው ሐኪም ኤሚል ሪስ ሆዳቸው የተቀደደ ሴቶችን በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ከአልጋ ማስነሣታቸውንና ቶሎ መጠንከራቸውን ጽፈው አሳተሙ። የሰማቸው አልነበረም። አርባ ዓመት ገደማ አለፈ።

አሁን ወደ ዋናዋ ሴት እንምጣ። ማርጆሪ ዋረን በ1897 ለንደን ተወለዱ። በጊዜው ሴቶችን የሚቀበለው የሕክምና ትምህርት ቤት አንድ እፍኝ ነበር፤ እሳቸው በሮያል ፍሪ ሆስፒታል ተምረው በ1923 ተመረቁ። ከለንደን በስተምዕራብ አይልወርዝ በሚባል ሰፈር፣ በኋላ ዌስት ሚድልሴክስ በተባለው ሆስፒታል ተቀጠሩ፤ ቀዶ ሕክምናም ይሠሩ ነበር። አረጋውያንን የማከም ሐሳብ አልነበራቸውም፤ እንዲህ የሚባል የሕክምና ዘርፍም በአገሩ አልነበረም።

በ1935 ግን ሆስፒታሉ አጠገቡ የነበረውን የድሆች መጠለያ ከነሕሙማኑ እንዲረከብ ተደረገ። (ያ ዓመት እኛ አገር የጣልያን ጦር መረብን የተሻገረበት ነው፤ ዓለም የሚያወራው ሌላ ነበር።) እንግሊዞች በድሆች ሕጋቸው መሠረት ጧሪ የሌለውን ሰው የሚያስገቡበት ቤት ነበራቸው፤ የታመመው በመጠለያው የሕሙማን ክፍል ይተኛል። ዶክተር ዋረን የተረከቧቸው "ሥር የሰደደ በሽተኛ" ተብለው የተመዘገቡ 714 ሰዎች ነበሩ። ስትሮክ የመታው፣ ቁርጥማት ያጎበጠው፣ አእምሮው የደከመ፣ በወጣትነቱ አካሉ የተጎዳ፣ ምንም ሳይታመም ቤት ብቻ የሌለው፣ ሁሉም በአንድ ረጅም አዳራሽ ተደባልቀው ተኝተዋል። አንዳንዶቹ ለዓመታት። ብዙዎቹ አንድ ጊዜ "አይድንም" ከተባሉ በኋላ ሐኪም ከራስ እስከ እግራቸው መርምሯቸው አያውቅም።

ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንድ በአንድ መረመሯቸው። ማን ምን እንዳለበት ለዩ፤ ስትሮክ ያለበትን ለብቻ፣ አእምሮው የተናወጠውን ለብቻ፣ መነሣት የሚችለውን ለብቻ አደረጉ። ከዚያ ሰው ማስነሣት ጀመሩ። መጀመሪያ አልጋ ጠርዝ ላይ መቀመጥ፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። ጭለማ የነበሩት አዳራሾች ቀለም ተቀቡ፣ ብርሃን ገባባቸው፣ ደማቅ የአልጋ ልብስና መጋረጃ ተደረገ፣ የሚያዝ መደገፊያ ግድግዳው ላይ ተሠራ። የአልጋ ልብስ ቀለም ከመዳን ጋር ምን ያገናኘዋል ብለን ተከራክረን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን ገባን፤ ነጭ በነጭ በሆነ አዳራሽ ውስጥ ለመነሣት ምክንያት የለም፤ ሰው የሚነሣው ሊያየው ወይም ሊደርስበት የሚፈልገው ነገር ሲኖር ነው።

ብቻቸውንም አልሠሩም። ነርሷ፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዋ፣ የእጅ ሥራ የምታስተምረዋ፣ ቤተሰቡን የምታነጋግረዋ ማኅበራዊ ሠራተኛ በአንድ ላይ ስለ አንድ ሰው ይመክራሉ። የሰውየው ቤት ደረጃ አለው ወይ? ምግብ ማን ያበስልለታል? ጫማው ልኩ ነው ወይ? ዛሬ በሆስፒታል በቡድን የሚደረገው የአረጋውያን ክትትል የመጣው ከእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

ውጤቱ ሐኪሞቹን ራሳቸውን አስገረመ። "እስከ ዕለተ ሞት" ተብለው ከገቡት ብዙዎቹ ቆመው ሄዱ፣ ወደ ቤታቸው ወይም ወደ ቀላል መጠለያ ተመለሱ። የሚያስፈልገው አልጋ ከ714 ወደ 240 ገደማ ወረደ፤ በየዓመቱ ገብተው የሚወጡት ቁጥር ደግሞ በሦስት እጥፍ አደገ። ዶክተር ዋረን ይህን በ1943 እና በ1946 በእንግሊዝ ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ላይ ጻፉ። የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ዘርፍ ይሁን፣ ክፍሉም ከከተማ ዳር ሳይሆን ከጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ይሁን፣ ተማሪዎችም ይማሩት አሉ። በ1947 የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር በእንግሊዝ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዷ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት የመንግሥት ነፃ የጤና አገልግሎት ተጀመረና ሐሳባቸው በየከተማው መግባት ቻለ። በ1960 ለሥራ በመንገድ ላይ ሳሉ በመኪና አደጋ አረፉ።

ልብ ያልነው ነገር፣ የጀመሩት አዲስ መድኃኒት ተገኝቶ አይደለም። በ1935 ፔኒሲሊን እንኳ ለሕሙማን አልደረሰም ነበር። በእጃቸው የነበረው የመረመረ እጅ፣ ወንበር፣ መደገፊያና ትዕግሥት ነው። እነዚህ ደግሞ ዛሬ በእኛም ቤት የማይጠፉ ናቸው።

በ1947 መጨረሻ ሌላ የለንደን ሐኪም፣ ሪቻርድ አሸር፣ "አልጋ ላይ የመዋል አደጋ" የሚል ትርጉም ያለው አጭር ጽሑፍ አወጡ። አሸር ቀልድ አዋቂ ነበሩ፤ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞሩ የሐሰት በሽታ ለሚያወሩ ሰዎች "ሙንሃውሰን" የሚለውን ስም በ1951 ያወጡትም እሳቸው ናቸው። ጽሑፋቸው ግን ቀልድ ብቻ አይደለም። የተኛ ሰው አካል ውስጥ የሚሆነውን ከላይ እስከ ታች ቆጠሩት። ሳንባው ሙሉ ስለማይተነፍስ አክታ ይቋጠርበታል፤ የእግሩ ደም ይረጋል፤ ተረከዙና ዳሌው ይቆስላል፤ መገጣጠሚያው ይኮማተራል፤ ጡንቻው ይሟሽሻል፤ አጥንቱ ካልሲየሙን ያፈሳል፣ ያም በኩላሊት ጠጠር ይሆናል፤ ሽንቱ ይታገታል፤ ሆዱ ይደርቃል። በመጨረሻም ፈቃዱ ይሞታል፤ መነሣት አይፈልግም። ይህን ስናነብ የተረከዙን ቁስል አስታወስን። "ተዉኝ ልተኛ" ማለት የጀመሩት እናታችንም ትዝ አሉን፤ እኛ ያን ቃል የእርጅና ምሬት አድርገን ወስደነው ነበር።

የልብ ሕመሙ ታሪክ አጭር ነው፤ ግን ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ1952 በቦስተን ሳሙኤል ሌቪን እና ረዳታቸው በርናርድ ላውን ልባቸው በድንገት የተመታባቸውን 81 ሕሙማን በስድስት ሳምንት አልጋ ፋንታ በመጀመሪያው ሳምንት ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ባልደረቦቻቸው ሊገድሏቸው ነው ብለው ፈርተው ነበር። የፈሩት አልሆነም፤ እንዲያውም ብዙዎቹ ቶሎ አገገሙ፣ ልባቸውም ተስፋ አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ሐኪማቸው ፖል ዳድሊ ኋይት ቀስ በቀስ እንዲንቀሳቀሱ ገፋፏቸው፤ ሰባት ሳምንት ሆስፒታል ቆይተው ወጡ፣ በተከታዩ ዓመትም በድጋሚ ተመረጡ። አንድ የስድሳ አምስት ዓመት ሰው ከልብ ሕመም ተነሥቶ አገር ሲመራ ዓለም በጋዜጣ አየ። ላውን ራሳቸው በኋላ የኑክሌር ጦርነትን በመቃወም ያቋቋሙት የሐኪሞች ማኅበር በ1985 የሰላም ኖቤል አግኝቷል፤ ግን ሚሊዮን ሰው ያተረፈው ምናልባት ያ ወንበር ነው ባይ ነን።

እስከዚህ ድረስ ሐኪሞች በዓይናቸው ያዩት ነው። ቁጥሩ የመጣው ቆይቶ ነው። በ1966 በአሜሪካ ዳላስ አምስት ጤነኛ የሃያ ዓመት ወጣቶች ለጥናት ሲባል ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ልባቸውና ሳንባቸው ኦክስጅን ለጡንቻ የማድረስ አቅማቸው ከሩብ በላይ ወረደ። እነዚያኑ አምስት ሰዎች ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሃምሳ ሲሞላቸው ደግመው ለኩዋቸው። ሠላሳ ዓመት እርጅና የወሰደባቸው አቅም ሦስት ሳምንት አልጋ ከወሰደባቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ነርሷ አባላችን ይህን ስታነብልን ክፍሉ ጸጥ አለ። ሦስት ሳምንት። የእኛም ተራ ሦስት ሳምንት ነበር።

ለአረጋውያን ደግሞ ከዚህ ይከፋል። በ2007 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎችን አሥር ቀን ብቻ አስተኝቶ ነበር፤ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ጠፋ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች አልታመሙም። ትኩሳት የለባቸውም፣ የምግብ ፍላጎታቸው አልጠፋም። ሕመሙ ራሱ ጡንቻ የሚበላ ሲሆን፣ አለመብላቱ ሲጨመር፣ አልጋው ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። አንድ ሰው ከሕመም በፊት የያዘው ስንቅ ነው የሚያወጣው፤ ስንቁ የጭኑ ሥጋ፣ የልቡ ጥንካሬ፣ የሚበላውና የሚጠይቀው ሰው ነው። ሁለት እኩያ ሰዎች በአንድ በሽታ ተይዘው አንዱ በሳምንት የሚቆም፣ አንዱ የሚቀር ለዚህ ነው። ያልተነሣውን "ሰነፍ" ማለት አይገባም።

ስንቁ ግን ዘግይቶም ይሞላል። በ1990 በቦስተን ማሪያ ፊያታሮኔ የሚባሉ ሐኪም በአረጋውያን መኖሪያ ያሉ፣ ዘጠና ዓመት ገደማ የሆናቸው ደካማ ሰዎችን ስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ አደረጉ። ከአሥሩ ዘጠኙ ጨረሱ። የእግራቸው ብርታት በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። ከመካከላችን የስድሳ አራት ዓመቷ ገንዘብ ያዣችን ይህን ስትሰማ "እኔማ ገና ልጅ ነኝ" ብላ ሁላችንንም አሳቀችን።

አእምሮስ? በሆስፒታል የተኙ አረጋውያን ድንገት መቃዠት፣ ቀንና ሌሊት መለየት አለመቻል፣ ልጃቸውን አለማወቅ ይደርስባቸዋል። በእኛ ሰፈር ይህ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ትርጉም ሌላ ነው፤ ጠበል ይወስዷቸዋል፣ ወይም "ጃጁ" ይባላል። ሻረን ኢኑዬ የሚባሉ ሐኪም በአሜሪካ ኮኔቲከት 70 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 852 ሕሙማንን ተከታትለው በ1999 ያወጡት ጥናት ሌላ መንገድ አሳየ። መነጽራቸውንና ማዳመጫቸውን መስጠት፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ማስታወስ፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሌሊት ጫጫታ መቀነስ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ማንቀሳቀስ። ይህ የተደረገላቸው ከመቶ አሥር ገደማ ተቃዡ፤ ያልተደረገላቸው ከመቶ አሥራ አምስት። ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ደመወዝተኞች አይደሉም፤ የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እንደ እኛ ያሉ።

ታሪኩን ከጨረስን በኋላ ወደ ቤታችን ስንመለስ የባህላችን ነገር ሁለት መልክ ሆነብን። አንደኛው የሚያስተኛው መልክ ነው። ታማሚን ማስነሣት ጭካኔ ይመስለናል፤ ልጅ እያለ እናት ራሷ ውኃ ስትቀዳ ጎረቤት ምን ይላል? የሚበዛው ማጉረሳችን ከፍቅር ነው፣ ጥቂቱ ግን ከይሉኝታ ነው። ሁለተኛው መልክ የሚያስነሣው ነው፣ እሱን ግን እንደ ሕክምና አልቆጠርነውም። የድሮ ወጌሻ ቅቤ ይዞ መጥቶ ያሻል፣ እግር ያጥፋል ይዘረጋል፣ "በል ቁም" ይላል። በጥንት ጊዜ ፍልውኃ የሚወርድ በሽተኛ ወደ ውኃው መሄድ፣ መግባት፣ መውጣት ነበረበት። ስግደትስ? አንዲት እናት በጾም ቀን ስንት ጊዜ ወድቃ ትነሣለች? ሶላት የምታደርሰው ጎረቤታችን በቀን አምስት ጊዜ ትቆማለች፣ ታጎነብሳለች፣ ከመሬት ትነሣለች። ፊዚዮቴራፒስቱ ለእናታችን ያዘዘው ከወንበር አሥር ጊዜ ተነሥቶ መቀመጥ ነው፤ "ስግደት ነው በሉት፣ ይገባቸዋል" አለን። ገባቸውም።

ስለ ምግብ ሳንከራከር አልቀረንም። እናታችን ከሕመሙ እንደወጡ ጾመ ፍልሰታን ልጹም ብለው ነበር። የጠፋው ሥጋ የሚመለሰው በእንቁላል፣ በወተት፣ በሥጋ፣ ቢያንስ በብዙ ሽሮና ምስር ነው፤ ውኃ የመሰለ አጥሚት ብቻውን አይመልሰውም። የንስሐ አባታቸው ቤት ድረስ መጥተው ለታመመና ለደከመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት ነገሯቸው፤ እኛ ለሁለት ሳምንት ያልቻልነውን በአሥር ደቂቃ ጨረሱት። በረመዳንም ለታመመ እንዲሁ መሆኑን ጎረቤታችን ነግራናለች።

አንድ ነገር እንዳንሳሳት ነርሷ አስጠንቅቃናለች። ሁሉም ወዲያው ይነሣ ማለት አይደለም። ያልተያዘ ስብራት ያለበት፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ደረቱን የሚወጋው፣ ሲቀመጥ የሚዞርበት ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያየዋል። "ከዛሬ ምን ያህል እንዲንቀሳቀሱ ይፈቀዳል?" ብሎ ከሆስፒታል ሳይወጡ መጠየቅ ነው። እኛ ያን ቀን የጠየቅነው የመድኃኒቱን ሰዓት ብቻ ነበር፤ የነገረንም አልነበረም።

ከመስከረም ጀምሮ የማኅበራችን የታማሚ ጥየቃ ደንብ ተለውጧል። ተራው አልቀረም፤ የተራው ሥራ ነው የተቀየረው። ጠዋት የገባች አባል እናታችንን አልጋ ጠርዝ ላይ ታስቀምጣለች፣ እግራቸው መሬት እስኪለምድ ትጠብቃለች፣ ደግፋ ወደ ወንበሩ ትወስዳለች። ቁርስ በወንበር ነው፤ በራሳቸው እጅ፣ ቢፈስም ይፍሰስ። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ከአልጋቸው አጠገብ አይቀርብም፤ እሳቸው ወደ ረከቦቱ ይመጣሉ። ሌሊት የሽንት ቤቱ መብራት አይጠፋም፣ ምንጣፉ ተነሥቷል፣ ልቅ ነጠላ ጫማቸው ተረከዝ በሚይዝ ተቀይሯል። በደጋፊዎቻችን መዋጮ ክንድ ማሳረፊያ ያላቸው አራት ወንበሮች በሰፈሩ አናጢ አሠርተናል፤ ሁለት ዎከርም ገዝተናል። ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ አሁን ሦስቱ ወንበሮች በሥራ ላይ ናቸው፣ አንዱ ከጸሐፊያችን ቤት ነው፣ የሚያስፈልጋት አባል ትውሰድ።

በጠየቅናቸው ጊዜ ሁሉ እናታችን ያላሉንን አንድ ነገር በኅዳር ነገሩን። ያን ሌሊት የወደቁት ለመጸዳጃ ቤት ብቻ አልነበረም። "ተኝቼ ልሞት ነው ብዬ ፈራሁ፤ እስቲ እግሬ አለ ወይ ብዬ ነው የተነሣሁት" አሉን። ልጃቸው ይህን ስትሰማ ወጥታ አለቀሰች።

በጥር ጥምቀት ታቦቱን አልሸኙም፤ ሩቅ ነው፣ ሕዝቡም ይበዛል። በራቸው ላይ በወንበራቸው ተቀምጠው ሲያልፍ ተቀበሉ። ታቦቱ ሲደርስ ግን ዎከሩን ያዙና ቆሙ። እስኪያልፍ አልተቀመጡም። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ ቡና ቆልተው ነበር፤ ጥቂት አሯል።